የዛሬ ስምንት

እንደምን ሰነበታችሁ። ከመይ ቀኒኹም።

የቁሓ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ በሁለት ቋንቋ ሰላም ያልኳችሁ ለማሳመር ብዬ አይደለም። ትግርኛዬ ከሰላምታ ብዙም እንደማያልፍ ታውቃላችሁ። የከተማችሁንም ስም እናንተ ኲሓ ስትሉ እኔ ቁሓ እላለሁ፤ ስንቱ አርሞኝ አልታረምኩም። ሰላምታውን ያነሣሁት የዛሬው ነገሬ እዚያው ውስጥ ስላለ ነው። "ሰነበተ" የሚለውን ግስ ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩት ሰንበት ቁጭ ብላበታለች። እንደምን ሰነበታችሁ የሚል ሰው፣ ሰንበትን እንዴት አለፋችኋት፣ ከተያየን ወዲህ ሳምንቱ እንዴት ያዛችሁ ማለቱ ነው። ትግርኛው በበኩሉ ቀኖቹን እንዴት እንዳሳለፋችኋቸው ይጠይቃል። ስንለያይም "ደኅና ሰንብቱ" ነው የምንባባለው። የእኛ ሰው የሚጠያየቀው በሳምንት ልክ ነው።

ይህን የቅዳሜ ጉባኤ ከሚያስተባብሩት ልጆች አንዱ የደወለልኝ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። "መምህር፣ የዛሬ ስምንት ይመችዎታል?" አለኝ። "ቀኑ ማን ላይ ይውላል?" ስለው "ቅዳሜ" አለ። ስልኩን ዘግቼ በጣቴ ቆጠርኩ። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሰባት ቀን ነው። ስምንት ብሎ ሰባት ሰጠኝ! ልስቅበት ስል ትዝ አለኝ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ነው የምለው። እናንተም።

ነገሩ ስሕተት አይደለም። "ሳምንት" የሚለው ቃል ራሱ የ"ስምንት" ዘመድ ነው። በትግርኛም "ሰሙን" እና "ሸሞንተ" እንደዚያው ይዛመዳሉ። አባቶቻችን ሲቆጥሩ የቆሙባትን ቀን አይዘሏትም፤ ዛሬን አንድ ብለው ይጀምራሉ። የተነሡባት ቀን ዞራ ስትመጣ ስምንት ትሞላለች። ፈረንሳዮችም ሳምንት ለማለት "ስምንት ቀን"፣ ሁለት ሳምንት ለማለት "አሥራ አምስት ቀን" ይላሉ። እኛም ሠርግ ሲደርስ "አሥራ አምስት ቀን ቀረው" እንደምንለው ማለት ነው። ይህችን አሥራ አምስት ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

በሰባት የሚቆጥር ሰው ሳምንቱን ዘግቶ ሌላ ይጀምራል። በስምንት የሚቆጥር ግን ወደ ተነሣባት ቀን ተመልሶ ይመጣል። እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህች ስለ መመለሻዋ ቀን ነው።

ቀኖቹን ካነሣን አይቀር ስማቸውን እንያቸው። እሁድ አንድ ነው፤ አሐዱ። ሰኞ ሰኑይ፣ ሁለተኛው። ረቡዕ አራተኛው፣ ሐሙስ አምስተኛው። ዓርብ ከ"ዐረበ" የመጣ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ዐረበች እንደሚባለው። ምዕራብም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዓርብ የሰንበት ዋዜማ፣ ፀሐይዋ የምትጠልቅባት ቀን ናት። ቅዳሜ ቀዳሚት፣ የፊተኛዋ ሰንበት። ሦስተኛውስ የት ሄደ? አማርኛ እዚህ ላይ ደነቃቀፈው። "ማክሰኞ" ማለት የሰኞ ማግስት ማለት ነው፤ ስም ሳይወጣለት የጎረቤቱን ስም ተውሶ የቀረ ቀን። ትግርኛ ግን "ሰሉስ" ብሎ ሦስተኛነቱን ጠብቆለታል። በዚህ ነጥብ እናንተ ትበልጡናላችሁ። አምናለሁ።

ይህ አቆጣጠር በመጽሐፍ የቀረ አይደለም፤ በምድሩ ላይ ተተክሏል። ከዚህ በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ ወደ ሰሜን ስትወጡ አጉላን፣ ውቅሮን፣ ነጋሽን፣ ፍረወይኒን አልፋችሁ አዲግራት ሳትደርሱ እዳጋ ሐሙስ አለች። የሐሙስ ገበያ ማለት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ ሐሙሲት፤ ጎንደር ሳትገቡ ማክሰኚት፤ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት። ሌላው ዓለም ከተማን በንጉሥና በጄኔራል ስም ሲጠራ የእኛ ገበሬ ሰው የሚገናኝባትን ቀን ስም ሰጠው። ሐሙስ ዕለት እህል ያዋሰ ሰው ተበዳሪውን ለሚቀጥለው ሐሙስ እዚያው ይጠብቀዋል። ያልመጣ እንደሆነ ገበያው በሙሉ ያውቃል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ልጆቹ እንደነገሩኝ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ከታሪክ የማይታወቅ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የአባቶችን ብሂል ያመጣል፤ አንዱ ደግሞ ራስን ስለማሳደግ ካነበበው ያካፍላል። ደግ ነው። ከዚህ ቀደም የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠብቀው በጋዜጣ ነበር። "ብርሃንና ሰላም" በ1917 ዓ.ም. ሲጀመር በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር የሚወጣው። "አዲስ ዘመን"ም በግንቦት 1933 ዓ.ም. የተወለደው ሳምንታዊ ሆኖ ነው። አንዱ እትም እስኪመጣ ያለፈው እየተነበበ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ጠርዙ እስኪያልቅ ይቆያል። ዛሬ በስልካችን ላይ "ይህን ያውቃሉ?" የሚል ነገር በቀን መቶ ጊዜ ይደርሰናል። "ኧረ!" እንላለን። በጣታችን ወደ ላይ እንገፋለን። ማታ አንዱን ንገረኝ ብትሉኝ የለኝም።

እኔ የታሪክ መምህር ነበርኩ። ወጣት ሳለሁ መቀሌ አስተምሬአለሁ፤ ያኔ ከሰዉ ጋር ሁሉ በአማርኛ ነበር የምግባባው። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ለሦስት ዓመት ያህል በስሕተት አስተምሬአለሁ። የአጼ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት "ጣሊያኖች በወረራ ጊዜ የሠሩት" እያልኩ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ጠመኔ ይዤ። ከየት እንደሰማሁት አላስታውስም፤ አንድ ጊዜ ሰምቼ ነው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "መምህር፣ አያቴ ቤተ መንግሥቱ ከአድዋ በፊት የነበረ ነው ይላሉ" አለኝ። አያቱ ልክ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1884 ባለው ጊዜ ነው። ሠሪው በእርግጥ ጣሊያናዊ ነበር፤ ግን ወታደር ሳይሆን አናጢ፣ ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል የንጉሠ ነገሥቱ ባለሙያ ነው። አብሮት የሠራው ዊልያም ሺምፐር ደግሞ አገራችን ገብቶ የቀረው የጀርመናዊው እፅዋት ተመራማሪ ልጅ ነው። ወራሪ የሠራውና ንጉሥ ያሠራው ቤት፣ ልዩነቱን እናንተ ገምቱት። ሦስት ዓመት ያህል በልጆች ጭንቅላት ውስጥ የከተትኩትን ውሸት ማን ይለቅመዋል?

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ያዝኩ። ባለ ሃምሳ ቅጠል ተራ ደብተር ነው፤ ይኸው፣ አሥራ ምናምነኛው ነው፤ ቡና ፈሶበታል፣ ይቅርታ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ነገር እጽፍበታለሁ። ከአንድ በላይ አልጽፍም። ሕጉ አንድ ነው፦ አዲሱን ከመጻፌ በፊት ያለፈውን ቅዳሜ አነባለሁ። ልክ ነው ወይ? ማን ነገረኝ? በሳምንቱ ውስጥ ምን አየሁበት? ብዙ ጊዜ ያለፈው ቅዳሜ ተሰርዞ ይወጣል። ከጻፍኩት ሲሶው የተሰረዘ ይመስለኛል። ባለቤቴ "ይህ ደብተር ነው የክስ መዝገብ?" ትላለች።

እስቲ እዚሁ እናንተ ደጅ ላይ እንሞክረው። ከቁሓ ብዙም ሳይርቅ ቢለት የሚባል ቦታ አለ። አረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተውበታል። የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የሞተበት ዓመት በሒጅራ አቆጣጠር ተቀርጾባቸዋል፤ ዕድሜያቸውም እ.ኤ.አ. ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚህ አካባቢ ስለተገኙ የአረብኛ ድንጋዮች ሊቃውንት ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ጽፈዋል። ከቅርቡ የትግራይ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎም በፈረንሳዊው ጁሊየን ሎአዞ የሚመራ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ቡድን ቦታውን ቆፍሮ አጥንቷል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ይህ "ይህን ያውቃሉ?" ነው። ቁሓ አጠገብ የሺህ ዓመት የሙስሊም መቃብር! ኧረ! አበቃ።

በስምንተኛው ቀን ስትመለሱበት ግን ጥያቄ ይወልዳል። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ከአክሱም መዳከም ተነሥቶ በአንድ እርምጃ ላሊበላ ላይ ያርፋል። በመካከሉ ያለው ጊዜ "ጨለማ" ይባላል። እነዚህ ሰዎች ታዲያ በዚያ ጨለማ ውስጥ እዚህ ቁሓ ምን ያደርጉ ነበር? ስለ ነጋሽ ሁላችንም እናውቃለን፤ የነቢዩ ተከታዮች በ7ኛው ክፍለ ዘመን ተሰደው የመጡበት፣ ከዚህ ሩቅ ያልሆነ ቅዱስ ቦታ ነው። የስደተኞቹን ነገር ስናወራ ግን ስለ ነዋሪዎቹ ዝም እንላለን። መቃብር የሚኖረው የሚኖር ሰው ነው፤ ስደተኛ ድንጋይ አስቀርጾ፣ የአባቱን ስም አስጽፎ፣ ለልጅ ልጁ ቦታ አይዝም። በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ አሞሌ ጨው ትዝ ይላችኋል። ከአፋር በረሃ ጨው የጫነ ግመልና በቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር፤ ገበያ ባለበት ነጋዴ አለ፣ ነጋዴ ባለበት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ቁጥር የሚይዝ፣ ዓመቱን የሚያውቅ ሰው አለ። በአራተኛው ቅዳሜ ከናንተ አንዱ አያቱን ሄዶ ይጠይቃል። በአምስተኛው ሁላችሁም በእግር ቢለት ድረስ ትሄዳላችሁ፤ ድንጋይ ሳትነኩ፣ አደራ። አንድ ወሬ ይህን ያህል ምግብ አለው። በአንድ ጉርሻ ውጠን ነው የሚያንቀን።

ያዙልኝ ያልኳችሁን አሥራ አምስት ቀን አሁን መልሱልኝ።

ከዚህ ወደ መቀሌ ስትወርዱ በእንዳ ኢየሱስ በኩል ታልፋላችሁ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከፍታ ነው። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች እዚያ ምሽግ ነበራቸው፤ አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ይባላል። አምባላጌ ላይ ከተሸነፉ በኋላ የአጼ ምኒልክ ጦር መጥቶ ምሽጉን ከበበው። የእኛ ሰዎች በመጀመሪያ ግንቡን በጀግንነት ነው የሞከሩት፤ ብዙ ሰው አለቀ፣ ግንቡ ግን አልወደቀም። ከዚያ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ከምሽጉ ውጭ ያለው የውሃ ምንጭ ተያዘ። ከዚህ በኋላ መድፍ አላስፈለገም። ሁለት ሳምንት፣ በእኛ አነጋገር አሥራ አምስት ቀን፣ ከተከበቡ በኋላ ጣሊያኖቹ በጥም ተሸንፈው ምሽጉን ለቀው ወጡ። ምኒልክም መሣሪያቸውን እንደያዙ ሸኛቸው። ጋሊያኖ 40 ቀን ያህል ቆይቶ አድዋ ላይ ሞተ።

አዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሸጡትን የስኬት መጻሕፍት የሚጽፍ ሰው ይህን ታሪክ ቢያገኘው "የጣይቱ 7 ሕጎች" ብሎ በማግስቱ ያሳትመው ነበር። "ግንቡን ተው፣ ውሃውን ያዝ!" ያምራል። ከሥዕል ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። እኔን ግን ስመለስበት የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ውሃውን ከያዙ በኋላ ያሉት ቀኖች! ምንም የማይታይባቸው ቀኖች ናቸው። ግንቡ እንደቆመ ነው፣ ባንዲራው እንደተሰቀለ ነው፣ ከታች ያለው ወታደር ብርድ ላይ ያድራል። በስድስተኛው ቀን አንድ መኮንን ተነሥቶ "ይህ ምክር ምን ፈየደ? እንግባበት" ቢል ማን ይፈርድበታል? የተመከረውን ምክር ሁሉም ያወራል፤ ምክሩ እስኪሠራ የተጠበቀውን የሚያወራ የለም።

ይህን ያነሣሁት ስለ "21 ቀን" ልናገር ፈልጌ ነው። ከናንተ መካከል "አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይያዛል" የሚለውን ያልሰማ አለ? የለም። ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፊታቸውን ያስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። "ቢያንስ" እና "ያህል" በጉዞ ላይ ተራግፈው ወደቁ። አፍንጫ የመልመድ ነገር የነበረው ልማድ የማምጣት ሕግ ሆነ። ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ለንደን ላይ ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪና ጓደኞቿ 96 ሰዎችን በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር እያስደረጉ ተከታተሏቸው። ልማዱ ሥር ለመስደድ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን በቃው፣ ለአንዳንዱ እስከ 254 ቀን ይደርሳል ተብሎ ተገመተ። ከጥናቱ ለእኔ ትልቁ ግን ይህ አይደለም። አንድ ቀን መዝለል ነገሩን አላበላሸውም። ያቋረጠ ሰው በማግስቱ ከተመለሰ ልማዱ ማደጉን ቀጥሏል።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ስጽፋት ያሰብኩት እናንተን ነበር።

የዚህ አዳራሽ ወጣቶች አንድ ቀን አይደለም የተዘለላችሁ። ጦርነቱ ጥቅምት መጨረሻ 2013 ጀምሮ፣ ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሰላም ስምምነቱ እስኪፈረም፣ መቶ አራት ሳምንት ነው። በኮቪድ የተዘጋው ትምህርት ቤት በጦርነቱ እንደተዘጋ ቆይቶ፣ በእናንተ ዘንድ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል ከገባችሁ እስክትመለሱ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን የከደነ ልጅ ሲከፍተው ጺም አብቅሎ ነው። ይህን ቁስል በምክር አልቀባባውም፤ ሥልጣኑም የለኝም። የጠፋውንም ሰው ስም በዚህ መድረክ ላይ አልቆጥርም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። በዚህ ጉባኤ የመጀመሪያ ቀን መጡ የተባሉት ስድስት ልጆች ነበሩ። ኋላ ግን አንዱ ትልቅ ልጅ ለትንሹ ክፍልፋይ ሒሳብ ሲያስረዳ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት፤ ትልቁ ራሱ እየተሳሳተ ነበር። ትንሹ አረመው። ሁለቱም ሳቁ። ሦስት ዓመት የራቀ ሰው የሚመለሰው በዚህ በር ነው፤ ሌላ በር እስካሁን አላየሁም።

ስለ መመለስ ካነሣሁ የዚሁ ምድር ልጅ የሆነ አንድ ሰው ልጥራ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ምጽዋ ላይ መርከብ ገብቶ አውሮፓ ደረሰ፤ እዚያ ተማረ። ብዙዎች እዚያው የሚቀሩበት ነገር ነበር። እሱ ግን ተመለሰ፤ ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ሠራ፤ ስለ አገር ሀብትና አስተዳደር በአማርኛ ጻፈ። በ1911 ዓ.ም. ሲሞት 33 ዓመቱ ገደማ ነበር። "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" የሚለው መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ሰውየው ኅትመቱን አላየውም። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም እየተመለስን እናነበዋለን፤ ቀረጥ፣ ብድር፣ ባቡር፣ ትምህርት፣ የዚያ ዘመን ጭንቀቱ የእኛም ነውና።

ከእሱም የሚብስ አለ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት መሆኗ እንዲሁ የመጣ አይምሰላችሁ። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሁድ ትከበር ብለው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቢያስተምሩ ተቃውሞ በዛባቸው። አገራቸውን ጥለው በግብፅና በኢየሩሳሌም አልፈው አርመን ደረሱ፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1352 አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከአገልግሎት ተገልለው፣ በየገዳሙ ተበትነው፣ ቅዳሜያቸውን ሲያከብሩ ኖሩ። በአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። መምህሩ ካረፉ 98 ዓመት ሆኖታል። በሳምንት ቁጠሩት፤ ከአምስት ሺህ ቅዳሜ በላይ ነው። ቅዳሜዋ የተረፈችው ያን ሁሉ ጊዜ እየተመለሱ ባከበሯት ሰዎች ነው። እኔ የሃይማኖት ሰው ስላልሆንኩ ስለ ክርክሩ አልናገርም። ቅዳሜ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተኝቼ "ዛሬስ ይቅርብኝ፣ አልጽፍም" ስል ግን እኒያ መነኮሳት ይታዩኛል። እነሣለሁ። ሁልጊዜ አይደለም።

አስተባባሪው ሰዓቱን እያየ ነው፤ አይቼሃለሁ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ነግሬአችሁ እወርዳለሁ፤ እዚሁ ቁሓ ያየሁት ነው።

የከተማችሁን የዓይን ሕክምና ያልሰማ የለም። ከሩቅ ገጠር የዓይን ሞራ የጋረዳቸው ሰዎች በዱላና በልጅ እየተመሩ ይመጡበታል። ኔፓላዊው ዶክተር ሳንዱክ ሩይትና አሜሪካዊው ጄፍሪ ታቢን የመሠረቱት ድርጅትም ከአገራችን ሐኪሞች ጋር ሆኖ እዚህ የብዙ ሺህ ሰው ዓይን ያበራበት ዘመቻ አድርጓል። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ዓይኑ ጎን ላይ ትንሽ ይከፈታል፣ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ በሠለጠነ እጅ አሥር ደቂቃ ያህል ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሰፋም። ፋሻው የሚነሣው በማግስቱ ጠዋት ነው።

የሥራ ባልደረባዬን እናት አጅቤ የመጣሁ ጊዜ በማግስቱ ጠዋት ከውጭ አግዳሚ ላይ ረድፍ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም ነጠላ የለበሱ፣ ሁሉም ዓይናቸው ላይ ነጭ ፋሻ የተለጠፈባቸው። ከእኛ ቀጥሎ አንዲት አደይ፣ አንዲት እናት፣ ነበሩ። አጠገባቸው ዘጠኝ ዓመት የምትሆን ልጅ፣ በፕላስቲክ ጫማ፣ ዱላቸውን ይዛ ቆማለች። ሦስት ዓመት የመራቻቸው እሷ ናት አሉ። ነርሷ ፋሻውን ቀስ ብላ አነሣችው። አደይ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ነርሷን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ ልጅቱን ረጅም ጊዜ አዩዋት። "መን ኢኺ?" አሏት፤ ማን ነሽ አንቺ?

ልጅቱ አፈረች። አንገቷን ደፋች። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት ስድስት ዓመቷ ሳለ ነበር፤ ያንን መልክ ነው የያዙት። "ተዛረቢ" አሏት። ተናገሪ።

"አነ እየ" አለች በቀጭን ድምፅ። እኔ ነኝ።

ፊታቸው ያኔ ነው የበራው። ድምፁን ያውቁታል። ሦስት ዓመት "ድንጋይ አለ፣ ወደዚህ፣ ደረስን" ሲላቸው የኖረ ድምፅ ነው። ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ጆሮዋን በዓይናቸውም በጣታቸውም መረመሩ። ነርሷ ጠብታውን በምን ሰዓት እንደሚያደርጉ አሳየቻቸው፣ ዓይናቸውን እንዳያሹ መከረቻቸው፣ በመጨረሻም ከሳምንት በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ ነገረቻቸው። አደይ መልስ አልሰጡም፤ ገና ልጅቱን ያያሉ። ቀጠሮውን የያዘችው ልጅቱ ናት። ዱላውን አግዳሚው ላይ አስደገፈችና ጣቷን አውጥታ ከዚያችው ዕለት ጀምራ ቆጠረች፦ ዓርቢ፣ ቀዳም፣ ሰንበት፣ ሰኑይ፣ ሰሉስ፣ ረቡዕ፣ ሓሙስ፣ ዓርቢ። ሁለት ጣት ተረፋት።